የቅዳሜ ጧት ጀግኖችና የዲላ ልጆች

በመስከረም የትምህርት ቤት ደወል ሊደወል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በዲላ ከተማ በጎዳና ዳር ሱቆች በር ላይ የተማሪ ቦርሳ ይሰቀላል። ከቦርሳዎቹ መካከል ቀይና ሰማያዊ ልብስ ከአካሉ ጋር የተጣበቀ፣ ፊቱን በጭምብል የሸፈነ፣ እንደ ሸረሪት ግድግዳ የሚቧጥጥ ሰው የታተመበት አይታጣም። ፊደል ያልቈጠረ ሕፃን እንኳ ስሙን ያውቀዋል፤ ስፓይደርማን ነው። ቦርሳውን የሚያነግተው ልጅ ምናልባት አባቱ በቡናና በእንሰት ተክል መካከል የሚውል፣ እናቱ እንሰት የምትፍቅ፣ አያቱ በሶንጎ ተቀምጠው ነገር የሚዳኙ የጌዴኦ ልጅ ነው። ሸረሪት በአያቱ ቤት ጣራ ሥርም ድሯን ታደራለች፤ ጀግና አድርጎ ያሳየለት ግን የለም።

አንድ ሕዝብ ለልጆቹ የሚያቆምላቸው ጀግና ከሰማይ አይወርድም። አንዱ ይፈጥረዋል፤ ሌላው ወጪውን ይከፍላል፤ ከፋዩም በጀግናው መልክ ላይ አሻራውን ያኖራል። ይህ በአዝማሪውም ሆነ በቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ጸሐፊው ላይ ሲሠራ የኖረ ሕግ ነው፤ በቴሌቪዥን ካርቱን ላይ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይሠራል። እንግዲህ በዲላው ቦርሳ ላይ ያለው ሰው ከየት ተነሥቶ፣ በማን ገንዘብ ተሳፍሮ እዚያ እንደ ደረሰ መጠየቅ የሚገባ ነው።

ልዕለ ጀግና የሚባለው ፍጡር ትውልዱ ከርካሽ ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች የፈጠሩት ሱፐርማን በአሜሪካ አገር በሥዕላዊ መጽሔት ታተመ። በ1941 የፍላይሸር ወንድማማቾች ስቱዲዮ ለሲኒማ ቤት የሚሆን ተንቀሳቃሽ ሥዕል አድርጎ ሠራው። ያን ጊዜ ሥራው የረቀቀ፣ ወጪውም የከበደ ነበር። ፊልም በአንድ ሴኮንድ 24 ምስል ያሳልፋል፤ ይህን ሁሉ በእጅ እየሳሉ መሙላት ለሲኒማ ቤት ሀብት እንጂ ለቴሌቪዥን ኪስ የሚቻል አልነበረም።

ይህን ችግር የፈቱት በኢትዮጵያም ልጆች ዘንድ በሥራቸው የሚታወቁት ዊልያም ሐና እና ጆሴፍ ባርቤራ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከ1940 ጀምሮ ለኤም ጂ ኤም ኩባንያ የ«ቶምና ጄሪ»ን ማሳደድና መሰደድ ሲሠሩ ኖረው፣ ኩባንያው በ1957 የካርቱን ክፍሉን ሲዘጋ የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። ለቴሌቪዥንም የሚሆን የቁጠባ ዘዴ አበጁ። የገጸ ባሕሪው አካል ባለበት ይቆማል፤ የሚንቀሳቀሰው አፉ ብቻ ወይም ራሱ ብቻ ይሆናል። የድቡ የዮጊ አንገት ላይ ኮሌታና ከረባት የታሰረው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ከማይንቀሳቀሰው ገላው ጋር የሚጋጠምበትን መስመር ይሸፍናል። የሚሮጠውም ሰው ከኋላው ያለው ያው አንድ ዛፍና ያው አንድ ቤት ተመላልሶ ያልፋል። የቴአትር ሰው ይህን ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ስድስት ወታደር ከመጋረጃ ኋላ እየዞረ ሠራዊት የሚሆንበት መድረክ ያው ዘዴ ነውና።

ዘዴው ከተገኘ ጊዜው ቀረ። ቅዳሜ ጧት ወላጆች የሚያርፉበት፣ ልጆች ብቻቸውን ከቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጡበት፣ የአየር ሰዓቱም ዋጋ ርካሽ የሆነበት ጊዜ ነው። ለስኳር ነክ የቁርስ እህልና ለመጫወቻ ነጋዴዎች ከዚህ የተመቸ ገበያ አልነበረም። ፍሬድ ሲልቨርማን የቀን ፕሮግራሙን በሚመራበት በሲ ቢ ኤስ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1966 አዲሱ የሱፐርማን ካርቱንና «ስፔስ ጎስት» የተባለው የጠፈር ጀግና በአንድ ቅዳሜ ጧት ብቅ አሉ። ሌሎች ጣቢያዎች ተከተሉ። በመስከረም 1967 ደግሞ በኤ ቢ ሲ ጣቢያ የስፓይደርማን ካርቱን ተጀመረ። የዲላው ቦርሳ ላይ ያለው ሰው ከወረቀት ወጥቶ በልጆች ቴሌቪዥን ላይ የቆመው ያኔ ነው።

ዕድሜው ግን ያለ ሙግት አላለፈም። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ በተገደሉ ጊዜ የአሜሪካ ሕዝብ በልጆቹ ፊት ስለሚቀርበው ድብድብና ግድያ መጠየቅ ያዘ። በዚያው ዓመት በቦስተን አካባቢ የተሰባሰቡ እናቶች በፔጊ ቻረን መሪነት የልጆችን ቴሌቪዥን የሚከታተል ማኅበር መሠረቱ። ጣቢያዎቹ ጡንቸኞቹን ጀግኖች አሰናበቱና በምትካቸው የሚያስቅ፣ የሚፈራ፣ መናፍስት ሲያይ የሚሸሽ ውሻ አመጡ፤ «ስኩቢ ዱ» በ1969 የተወለደው በዚህ ምክንያት ነው። ጀግኖቹ በ1973 ጣታቸው ለስልሶ፣ ምክር ተምረው ተመለሱ። በ1980ዎቹ ግን ነጋዴው አፍ አውጥቶ መጣ። «ሒ ማን» የተባለው ባለ ጎራዴ በ1982 አስቀድሞ በአሻንጉሊትነት ተሸጠ፤ ካርቱኑ የወጣው በ1983 ነው። ተረቱ ከዕቃው በኋላ የተጻፈ መሆኑን ልብ ይሏል። በ1984 የአሜሪካ መንግሥት የማስታወቂያ ገደቡን አነሣ፤ በ1990 ደግሞ በሕግ መልሶ በቅዳሜና እሑድ ፕሮግራሞች ላይ በሰዓት 10 ደቂቃ ተኩል ብቻ ማስታወቂያ እንዲኖር ወሰነ። በ2014 በአገር አቀፍ ጣቢያዎች የቀረው የመጨረሻው የቅዳሜ ጧት የካርቱን ሰዓት ተዘጋ። ጀግኖቹ ሌት ተቀን ወደሚያሳዩ ጣቢያዎች፣ ወደ ሲኒማና ወደ ቦርሳ ተሸጋግረው ስለነበር የጧቱ ሰዓት አላስፈለጋቸውም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። አሜሪካኖቹ የቅዳሜ ጧታቸውን ለልዕለ ጀግኖች ካስረከቡበት ቀን በሁለት ዓመት ገደማ ይቀድማል። በዚህ አገር ግን ለልጆች የተሰጠው ካባ ለባሽ ሳይሆን ካፖርት የለበሱ አንድ የቴአትር ሰው ነበሩ፤ ተስፋዬ ሣህሉ። ሕዝቡ አባባ ተስፋዬ ይላቸዋል። በ1915 ዓ.ም. በባሌ የተወለዱት እኚህ ተዋናይ፣ ሴቶች ወደ መድረክ ባልወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ጭምር ይጫወቱ ነበር። ከቴሌቪዥኑ መከፈት ጀምሮ ለ42 ዓመታት የልጆችን ጊዜ መሩ። ልጆቹን የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች ብለው ሰላም ብለው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን አንዴ ለአንበሳ አንዴ ለጦጣ አውሰው ተረት ያወሩ ነበር። ወጪው አንድ ወንበርና አንድ ሰው ነው። ከፋዩ መንግሥት ስለነበር የሚሸጥ አሻንጉሊት አልተከተለም፤ በተረታቸውም ውስጥ ጉልበት ያለው ጅብ ይሸነፋል፤ ብልጧ ጦጣ ትረታለች። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ አያት የሆኑ ሰዎች እንደ ልጅ አልቅሰውላቸዋል።

ታዲያ እኚህን ሰው ያየ ማን ነው? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቴሌቪዥን የአዲስ አበባ፣ ያውም የጥቂት ቤት ዕቃ ነበር። ሥርጭቱ እየሰፋ ከሄደና በ1977 ዓ.ም. ቀለም ከለበሰ በኋላም ቢሆን በክፍለ ሀገር ከተሞች ያለ ልጅ የሚያየው በጎረቤት መስኮት ወይም በቀበሌ አዳራሽ ሰው ላይ ሰው ተደርቦ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ለምትገኘው ለዲላ፣ ከዲላም ወጥቶ በቡሌ ደጋ ላይ ለሚያድግ ልጅ፣ የተረት አባት አሁንም የገዛ አያቱ ነበሩ።

ቀጥሎ የመጣው ቪዲዮ ቤት ነው። በጭቃ ግድግዳ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ደርድሮ፣ መጋረጃ ጋርዶ፣ በሳንቲም የሚያስገባው ቪዲዮ ቤት በየከተማው ለአንድ ትውልድ ወንድ ልጆች ትምህርት ቤት ሆነ። ሴት ልጅ ግን ብዙም አትገባበትም። እዚያ የነገሠው ጀግና አፉን የማያስፈልገው ነው። ቡጢና ርግጫ አስተርጓሚ አይፈልግም። በባዕድ ቋንቋ የሚናገር ፊልም አገር ለአገር የሚዞረው ሐሳቡ ስለረቀቀ ሳይሆን ክንዱ ስለሚናገር መሆኑን የቪዲዮ ቤቱ ታዳሚ በደንብ አሳይቷል፤ ንግግር ሲበዛ ያፏጫል።

ከዚያም ዲሽ መጣ። በዐረብሳትና በናይልሳት በኩል የሚገቡት የዐረብ ጣቢያዎች ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኤም ቢ ሲ 3ን የመሰለ የልጆች ጣቢያ ይዘው በቆርቆሮ ጣራ ሁሉ ላይ አረፉ። ነገሩ የሚያስደንቅ ነው። አሜሪካዊው ጀግና በዐረብኛ ይናገራል፤ የዲላው ልጅ ከእንቅስቃሴው ገምቶ ለጓደኛው በአማርኛ ይተረጕምለታል፤ ማታ ለታናሽ እኅቱ በጌዴኡፋ ይተርክላታል። ሦስት ቋንቋ ተሻግሮ የደረሰው ታሪክ እኅቱ ዘንድ ሲደርስ ከመጀመሪያው ምን ያህል እንደቀረለት ማንም አልለካውም። ያ ልጅ ግን ሳያውቀው የትርጉም ቴአትር ሠራ። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. የተከፈተው ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ብዙ የኪነ ጥበብ ሰዎች የሀገር ውስጥ ሥራ ይሞታል ብለው ተቃወሙ። ሙግታቸው ከእውነት የራቀ አልነበረም። ይሁን እንጂ የአፍ እንቅስቃሴን ከአማርኛ ጋር ማጋጠም የሚችል ባለሙያ በሀገር ውስጥ የበዛው በዚያው ምክንያት መሆኑም አይካድም።

የሀገሪቱ የራሷ የልጆች ጀግና የተወለደችው በቤት ውስጥ ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች የአንደኛ ደረጃ መምህርትና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር እ.ኤ.አ. በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን አቋቁመው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን ዝግጅት ጀመሩ። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ አሻንጉሊት ናት፤ አትበርም፣ ማንንም አትመታም፤ ትጠይቃለች። ዝግጅቱ በ2008 በጀርመን የሚሰጠውን የፕሪ ዠኔስ ሽልማት አገኘ፤ ብሩክታዊትም በ2010 ለወጣቶች የሚሰጠውን የሮሌክስ ሽልማት ተቀበለች። ከዚያም ይኸው ድርጅት «ጥበብ ገርልስ» በሚል ስም ልዕለ ኀይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች ያለዕድሜ ጋብቻንና በሴት ልጅ የወር አበባ ላይ የተጫነውን ነውር የሚጋፈጡበትን ካርቱን አወጣ። ጥበብ የሚለው ቃል ዕውቀትም፣ የቀሚስ ጠርዝም መሆኑ ለዚህ ሥራ ደግ ስም አድርጎታል። በቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ላይ ቦታ ያልነበራት ልጅ እዚህ ጀግናዋ ራሷ ሆናለች።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። እነዚህ ሥራዎች በአብዛኛው የቆሙት በዓለም አቀፍ የልማት ድርጅቶች ድጋፍ ነው። የቁርስ እህል ነጋዴው ቦታውን ለለጋሽ ለቀቀ እንጂ ከፋይነት አልቀረም። ነጋዴ በየክፍሉ መጨረሻ ዕቃ እንዲሸጥ ይሻል፤ ለጋሽ ደግሞ መልእክት እንዲተላለፍ ይሻል። መልእክቱ መልካም ነው፤ ሆኖም መልእክት ቀድሞት የሚሄድ ጀግና እግሩ ይከብዳል፤ ልጅም ይህን ከአዋቂ ፈጥኖ ያውቃል። የፀሐይ ብልሃት ብዙ ጊዜ ጨዋታዋ ከትምህርቷ እኩል መሮጡ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የቋንቋ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ የጌዴኦ ቋንቋ ነበር፤ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ገበሬው በገዛ አፉ ፊደል ቈጠረ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ በላቲን ፊደል ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ገባ። አያት በአንድ ፊደል፣ የልጅ ልጅ በሌላ ፊደል ያነባሉ ማለት ነው፤ መምህራን የሚያውቁት ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ርዳታ የተጀመረው ታላቁ የንባብ ፕሮጀክት የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት እንዲዘጋጁ ሲነሣ ሰባት ቋንቋዎችን መረጠ፤ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ሀዲይኛ። ጎረቤቱ ሲዳማ ገባ፤ ጌዴኦ አልገባም። ምርጫው በተናጋሪ ብዛት ቢሆንም ለልጁ የሚሰጠው ትርጉም ያው ነው፤ ጀግናው በጎረቤት ቋንቋ ይናገራል፣ በእርሱ አይናገርም።

ሦስተኛውና ከባዱ የጀግናው ቅርጽ ነው። የአሜሪካው ልዕለ ጀግና ብቻውን ነው። ሁለት ስም አለው፣ ፊቱን ይሰውራል፣ ሕዝቡ ከታች ቆሞ ሽቅብ ያያል፣ ይድናል፣ ያጨበጭባል። የጌዴኦ ትውፊት የተዋቀረው በሌላ መንገድ ነው። ሕዝቡ የሦስትና የአራት ተብለው የተመደቡ ሰባት ቤቶች አሉት። ባሌ የተባለው የትውልድ ሥርዓት በየስምንት ዓመቱ ሥልጣንን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሸጋግራል፤ አባ ገዳውም ጊዜው ሲደርስ ያስረክባል። ሱፐርማን ከ1938 ጀምሮ፣ ባሌ አሥር ጊዜ በሚለዋወጥበት ዘመን፣ ሥልጣኑን ለማንም አላስረከበም። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች የጭሰኝነትን ግፍ አንቀበልም ብለው በምችሌ ሲነሡም የተነሣው ሕዝብ እንጂ አንድ ጭምብል ለባሽ አልነበረም። ይህን ታሪክ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ማቅረብ የሚሻ ሠዓሊ ከማን ፊት እንደሚጀምር ይቸገራል፤ ሁሉም ፊታቸው ገልጦ ነው።

የጌዴኦና የምዕራብ ጉጂ መከራ ይህን ጥያቄ ከመጽሔት ጨዋታ አውጥቶታል። በ2010 ዓ.ም. በሁለቱ ሕዝቦች አካባቢ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ፤ ትምህርት ቤቶችና የእምነት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ ልጆች በሚማሩበት ክፍል ወለል ላይ ተኙ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚኖረው በስራት ደበበ በኤታን ኮሚክስ በኩል «ጀምበር»ን አሳተመ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የቀረበ፣ ሥራ ፍለጋ በአዲስ አበባ የሚንከራተት አማኑኤል ጥላሁን የተባለ ወጣት ልዕለ ኀይል የሚያገኝበት ሥዕላዊ መጽሐፍ ነው። ከእርሱም በኋላ ሐዊ የተባለች ጀግና ተከተለች። ሥራ አጥ ተመራቂን ጀግና ማድረግ አገርን የሚያውቅ ሰው ሐሳብ ነው። ነገር ግን በዚያ ዓመት በጌዴኦ ላሉ ልጆች ከጎረቤት ጋር የተጣላን ጎረቤት ማስታረቅ የሚችል ኀይል እንጂ ሕንፃ የሚሰብር ክንድ አልጠፋም ነበር። የጌዴኦና የጉጂ ሽማግሌዎች ለዕርቅ የሚቀመጡበት ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ አለ፤ በየትኛውም የቅዳሜ ጧት ካርቱን ውስጥ ግን ጠላት ተሸንፎ ይታሰራል እንጂ ታርቆ አብሮ ሲበላ አይታይም።

ገንዘቡን ማን ይከፍላል ለሚለው ጥያቄ ጌዴኦ ሙሉ በሙሉ መልስ አጥ አይደለም። የይርጋጨፌ ቡና ለዘመናት ወደ ውጭ ሲሄድ ኖሯል፤ በ1960ዎቹም ሆነ ዛሬ በአሜሪካ የቅዳሜ ጧት ገበታ ላይ ልጁ ካርቱኑን ሲያይ ወላጁ የሚጠጣው ቡና ከኢትዮጵያ ደጋ የሄደ ሊሆን ይችላል። ቡናው ሄደ፣ ስፓይደርማን መጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ጠየቀች፤ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋር የተነሣው ክርክር በ2007 በስምምነት አለቀ። የስፓይደርማን ባለቤት ስሙ ሀብት መሆኑን ከጥንትም ያውቃል፤ ኢትዮጵያም የቡናዋ ስም ሀብት መሆኑን በዚያ ሙግት አስመሰከረች። በ2023 የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብም ጥምር እርሻው፣ ትክል ድንጋዮቹና የሽማግሌዎቹ አስተዳደር አብረው ተመዘገቡ። ቱቱ ፈላ ላይ የቆሙትን ድንጋዮች ያየ ሰው ለካርቱን የሚሆን መድረክ ከየት ይምጣ ብሎ አይጨነቅም።

በዲላ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በከተማው ትምህርት ቤቶች እጁ የተፈታ ሠዓሊ አይጠፋም፤ የሐናና የባርቤራ የቁጠባ ዘዴም ዛሬ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል። ሕንፃ ለሕንፃ የሚዘል ጀግና በየሴኮንዱ አዲስ ሥዕል ይፈጃል። ሶንጎ ግን ሌላ ነው። ሽማግሌዎቹ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሲናገር ሌሎቹ ዝም ብለው ያዳምጣሉ፤ ጋቢያቸው እስከ አገጫቸው ደርሷል፤ አንገታቸው አይታይም። በጠቅላላው ሥዕል ውስጥ የሚንቀሳቀሰው አንድ አፍ ብቻ ነው።